ሲም ካርድ የሚገባባቸው የንግድ መሣሪያዎችና የኤሌክትሪክ ኀይላቸው

ከሞጆ ደረቅ ወደብ ተነሥቶ በአዳማ፥ በወለንጪቲና በመተሐራ አድርጎ ወደ ጂቡቲ የሚወርደው መንገድ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ዋና መተላለፊያ መሆኑ ለነጋዴው ሁሉ የታወቀ ነው። በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች ብዙዎቹ የሚገኙበትን ስፍራ ለባለንብረቱ የሚያሳውቅ፥ በውስጡ እንደ ሞባይል ስልክ ሲም ካርድ የተሰካበት አነስተኛ መሣሪያ ይዘው ይጓዛሉ። በአዳማ ሱቆችና ሆቴሎች ውስጥም የባንክ ካርድ የሚቀበለው ማሽን እንዲሁ በሲም ካርድ ይሠራል። ወደ ደቡብ በመቂ፥ በባቱና በሻሸመኔ በኩል ለሚገኙት የአበባና የአትክልት አምራቾች ደግሞ የማቀዝቀዣው ክፍል ሙቀት ከልክ ሲያልፍ በአጭር መልእክት የሚያስጠነቅቁ፥ ወይም የውሃ መሳቢያ ሞተርን ከሩቅ የሚያስነሡና የሚያቆሙ መሣሪያዎች ይቀርቡላቸዋል። እነዚህ ዕቃዎች በመልክና በጥቅም ቢለያዩም በውስጣቸው ያለው የመገናኛ ክፍል፥ ባለሙያዎች ሞጁል የሚሉት፥ አንድ ዐይነት ነው።

የሞባይል ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነበር። ንግዱ በሲም ካርድ ላይ ይህን ያህል የተደገፈው ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሁለተኛው የስልክ ድርጅት ሳፋሪኮም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከድሬዳዋ ጀምሮ ገበያ ገባ፤ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። በዚያው በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ሽያጭ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ እንዲሆን ታዘዘ። ከዚህ የተነሣ ሲም ካርድ የሚገባበት መሣሪያ ሲቆም ገንዘቡም ዕቃውም አብሮ ይቆማል።

መሣሪያው በሚቆምበት ጊዜ ከባለንብረቱም ከሻጩም አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ኔትወርክ የለም» የሚል ነው። ሲም ካርዱ ይለወጣል፤ አንቴናው ይለወጣል፤ በመጨረሻም ዕቃው ለሻጩ ይመለሳል። ሻጩ በሱቁ ውስጥ ሲያበራው ደኅና ይሠራል። ደንበኛው ወስዶት ሲሄድ እንደ ገና ይጠፋል። ይህ ዐይነት ምልልስ በሚታይበት ጊዜ ከኔትወርኩ ይልቅ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ሞጁሉ ኤሌክትሪክ የሚያገኝበት መንገድ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ሞጁሉ እንዴት እንደሚናገር ማወቅ ያሻል። ጂ ኤስ ኤም በተባለው በሁለተኛው ትውልድ የሞባይል መገናኛ አንዱ የራዲዮ ሞገድ ለስምንት ተጠቃሚዎች በተራ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ መሣሪያ ተራው ሲደርስ ለ577 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ብቻ ይልካል፤ ከዚያም ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ተራው በአንድ ሰከንድ ውስጥ 217 ጊዜ ያህል ይመላለሳል። ስልክ በራዲዮ ወይም በድምፅ ማጉያ አጠገብ ሊጠራ ሲል የሚሰማው የመንጠርጠር ድምፅ ይኸው ምት ነው። ሞጁሉ ዝም ባለበት ጊዜ የሚስበው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ሲሆን በሚልክበት ቅጽበት ግን እስከ 2 አምፔር ይደርሳል። አማካዩ ሲሰላ ከግማሽ አምፔር በታች ይሆናል። ተራ የኤሌክትሪክ መለኪያ የሚያሳየው አማካዩን ብቻ ስለ ሆነ ጠጋኙ ለክቶ «ኀይሉ በቂ ነው» ቢል ሐሰት ተናገረ አይባልም፤ የለካው ግን የሚያስፈልገውን ነገር አይደለም።

ነገሩ ውሃ ቀጥ ቀጥ እያለ ከሚመጣበት ቤት ጋር ይመሳሰላል። ከቧንቧው በቀን የሚወርደው ውሃ ለቤተሰቡ ይበቃ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ባልዲ ይዞ ሲቀርብ ቧንቧው አይችለውም። አስቀድሞ የሞላ በርሜል በአጠገብ ያለው ግን አይቸገርም። ለሞጁሉ በርሜሉ ካፓሲተር፥ አንዳንዱ ጠጋኝ ኮንደንሰር የሚለው ነው።

በገበያ በብዛት ከሚገኙት አንዱ፥ ሲምኮም የተባለው ድርጅት ያወጣው ሲም 800 ኤል፥ የሚሠራው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ባለው መካከል ነው። ከታች ያለው ወሰን ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ እንኳ ቢታለፍ ሞጁሉ ራሱን ሊያጠፋ ወይም እንደ ገና ከመጀመሪያው ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ማማውን ይፈልጋል፤ አግኝቶ ለመመዝገብ ሲልክ ቮልቱ ይወርድና ይጠፋል፤ ተነሥቶ እንደ ገና ይፈልጋል። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ሲል የሚያይ ሰው ኔትወርክ በመፈለግ ላይ ያለ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ለአዳማና ለአካባቢው ነጋዴዎች ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ይመጣል። ሞባይል ሁልጊዜ በሙሉ ኀይሉ አይልክም። ማማው ቅርብ ሲሆን ድምፅህን ቀንስ የሚል ትእዛዝ ከማማው ይደርሰዋል፤ ሲርቅ ደግሞ ጨምር ይባላል። በ900 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ሞጁል ከማማው ሲርቅ እስከ 2 ዋት ይልካል፤ በማማው ሥር ሲሆን ግን ወደ ጥቂት ሺህኛ ዋት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በአዳማ መካከል፥ በየአቅጣጫው ማማ በሚታይበት ሱቅ ውስጥ የተሞከረ መሣሪያ የተሞከረው በሹክሹክታ ብቻ ነው። መኪናው ወለንጪቲን አልፎ ወደ መተሐራ ሜዳ ሲወርድና ማማዎቹ ሲራራቁ መሣሪያው መጮኽ ይጀምራል፤ የ2 አምፔሩ ምትም ያን ጊዜ ይመጣል። ዕቃው የሚጠፋው ባለንብረቱ ስለ መኪናው ለማወቅ ይበልጥ በሚፈልግበት ስፍራ መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው። በሱቅ ደኅና ሠርቶ በመንገድ የሚጠፋ ዕቃ ሲመለስለት ሻጩ ደንበኛውን ከመጠርጠሩ በፊት ይህን ቢያስብ ይገባዋል።

ሁለተኛው የቮልት ጠላት ሽቦው ነው። ውፍረቱ ግማሽ ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በየሜትሩ 0.035 ኦም ያህል ይከለክላል። ከባትሪው እስከ መሣሪያው 3 ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 6 ሜትር ስለሚሆን 0.2 ኦም ይመጣል። በዚህ ላይ 2 አምፔር ሲያልፍ 0.4 ቮልት በመንገድ ይቀራል። በ3.7 ቮልት ላይ ከሚገኝ የሊቲየም ባትሪ የተነሣው ኀይል ለሞጁሉ በ3.3 ቮልት ይደርሳል ማለት ነው፤ ይኸውም ከተፈቀደው በታች ነው። ባትሪው ሲያረጅ የራሱ የውስጥ ተቃውሞ ስለሚጨምር ሽቦው አጭር ቢሆንም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። በመጀመሪያው ዓመት ያለ እንከን የሠራ የካርድ ማሽን በሁለተኛው ዓመት ባትሪው ገና ግማሽ ሳለ በክፍያ መካከል የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መፍትሔው ኀይሉን በከፍተኛ ቮልት እስከ መሣሪያው ድረስ አምጥቶ ወደ 4 ቮልት የሚቀንሰውን ክፍል ከሞጁሉ ጎን ማድረግ ነው። በ24 ቮልት የሚመጣ ከሆነ በምቱ ጊዜ እንኳ ከሽቦው የሚፈለገው 0.4 አምፔር ያህል ብቻ ስለ ሆነ በዚያው ሽቦ ላይ የሚቀረው ከአንድ አሥረኛ ቮልት በታች ይሆናል፤ ከ24 ቮልት ላይ ይህ ቢቀነስ ማንም አይጎዳም።

ነገር ግን ከ24 ቮልት ወደ 4 መቀነሱም ራሱን የቻለ ጥበብ ይጠይቃል። ሊኒየር የሚባለው ርካሽ ሪጉሌተር የተረፈውን ቮልት ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ዲናሞው በሚሠራበት ጊዜ የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ 28 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ሞጁሉ በአማካይ 0.3 አምፔር ቢስብ ከ28 ቮልት 24ቱ በሪጉሌተሩ ላይ ይቃጠላል፤ ይህም ከ7 ዋት በላይ ሙቀት ነው። ለሞጁሉ የሚደርሰው ግን 1.2 ዋት ብቻ ነው። በመተሐራ ፀሐይ በተዘጋ የመኪና ሳጥን ውስጥ ይህን የሚያህል ተጨማሪ ሙቀት መሣሪያውን ለጉዳት ይዳርገዋል። ስዊቺንግ የሚባለው ሪጉሌተር ግን ከመቶ 85 ያህሉን ለሥራ ስለሚያውል ያንኑ ሞጁል ሲመግብ የሚያባክነው ከአንድ አራተኛ ዋት አይበልጥም። የዋጋው ልዩነት ጥቂት ነው። ያም ሆኖ የስዊቺንጉ ዐይነት ያልተመረጠ እንደ ሆነ የሚያወጣው ረብሻ የራዲዮ መቀበያውን ሊያውከው ስለሚችል የፋብሪካውን የሙከራ ውጤት መጠየቅ ይገባል።

የመኪና ኤሌክትሪክ ደግሞ በወረቀት ላይ 24 ቮልት ይባል እንጂ ጠባዩ ክፉ ነው። ሞተር ሲነሣ ከ10 ቮልት በታች ሊወርድ ይችላል። ዲናሞው በመሙላት ላይ ሳለ የባትሪው ማሰሪያ ቢላቀቅ፥ መከላከያ በሌለው መኪና ላይ፥ ለጥቂት ቅጽበት ከ100 ቮልት በላይ ይወጣል። ባትሪ በሚለወጥበት ጊዜ ቀዩና ጥቁሩ ገመድ ተለዋውጠው የሚታሰሩበትም ጊዜ አለ፤ ይህን የሚያውቅ ሾፌር ብዙ ነው። ስለዚህ በመግቢያው ላይ ፊውዝ፥ የተገላቢጦሽ መስመርን የሚዘጋ ዳዮድና ድንገተኛውን ቮልት የሚያስቀር መከላከያ ሊኖሩ ግድ ነው። «ከ9 እስከ 36 ቮልት» ተብሎ በካርቶኑ ላይ መጻፉ ስለ ዘወትሩ ቮልት ይናገራል እንጂ ስለ ድንገተኛው አይናገርም። አስመጪው ሁለቱን ለይቶ መጠየቅ አለበት።

ወደ በርሜሉ እንመለስ። ብዙ ርካሽ መሣሪያዎች በሞጁሉ አጠገብ 100 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር ብቻ ይይዛሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 2 አምፔርን ለ577 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ካፓሲተር ብቻውን ቢሰጥና ቮልቱ ከ0.3 በላይ እንዳይወርድ ቢፈለግ 3,850 ማይክሮፋራድ ያህል ያስፈልጋል። ሪጉሌተሩ ግማሹን፥ ማለትም 1 አምፔርን፥ የሚሰጥ ከሆነ ካፓሲተሩ ወደ 1,900 ይወርዳል። ሪጉሌተሩ እውነተኛ 2 አምፔር ሳይዘገይ የሚሰጥ እንደ ሆነ ግን 100ው የምቱን መነሻ ለመሸፈን ይበቃል። እንግዲህ 100 ማይክሮፋራድ ያለው ዕቃ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፤ 100 ማይክሮፋራድና የ1 አምፔር ሪጉሌተር በአንድ ላይ ያሉበት ዕቃ ግን ከመጀመሪያው ጎዶሎ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሻጭ ፋብሪካው በደብዳቤ እንዲያረጋግጥ ማድረግ የሚያስወጣው የአንድ መልእክት ዋጋ ብቻ ነው።

«የእኛ ዕቃ አራተኛው ትውልድ ስለ ሆነ ይህ አይመለከተውም» የሚል መልስ ከፋብሪካ ወኪሎች ሊመጣ ይችላል። በከፊል እውነት ነው፤ በአራተኛው ትውልድ መሣሪያው የሚልከው ኀይል ቢበዛ 0.2 ዋት ገደማ ስለ ሆነ ምቱም ያነሰ ነው። ሆኖም ከእነዚህ ሞጁሎች ብዙዎቹ አራተኛው ትውልድ በማይገኝበት ስፍራ ወደ ሁለተኛው ትውልድ ይመለሳሉ። ይህ የሚሆነው ደግሞ ከከተማ ርቆ ነው። ወደ ሁለተኛው ትውልድ መመለስ የሚችል ሞጁል ያለበት ዕቃ የኀይል አቅርቦቱ ለ2 አምፔር ካልተሠራ በሻሸመኔ ከተማ ውስጥ እየሠራ ከሻሸመኔ ውጭ ባለው እርሻ ላይ ሊጠፋ ይችላል።

በሱቅና በነዳጅ ማደያ የሚቀመጡት መሣሪያዎች ከ220 ቮልት መስመር ስለሚመገቡ ችግራቸው ሌላ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ 43 ሜጋዋት የሚሰጥ የኀይል ምንጭ ነበር፤ ከአዳማ ከተማ ውጭ ባሉት ኮረብቶች ላይ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. 51፥ በ2007 ዓ.ም. 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖች ተተክለዋል። ኀይል አመንጪው በጎረቤት ቢሆንም ሰፈር የሚያደርሰው መስመር የሚቋረጥበት ወይም ቮልቱ የሚወርድበት ሰዓት አለ። የካርድ ማሽኑ ያን ጊዜ በባትሪው ላይ ይወድቃል። ተራው የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሳለ ቢሞላ ዕድሜው ያጥራል፤ አደጋም ሊያስከትል ይችላል። በመተሐራ ማደያ በመስታወት ጀርባ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ማሽን ይህን ሙቀት ለማለፍ ረዥም ጊዜ አይፈጅበትም። ሙቀት ሲበዛ መሙላቱን የሚያቆም መቈጣጠሪያ ያለው ባትሪ እንዲሆን በትእዛዙ ላይ መጻፍ አለበት። ማሽኑን ወደ ጥላ ማዛወርም ገንዘብ አይጠይቅም።

ለመኪና በሚሸጠው ላይ ደግሞ የሚረሳ ነገር አለ፤ ይኸውም መኪናው ቆሞ ሳለ መሣሪያው የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ነው። 50 ሚሊአምፔር በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይሆናል። መኪናው ጭነት ሲጠብቅ 10 ቀን ቢቆም 12 አምፔር ሰዓት ከባትሪው ይጎድላል። ባትሪው ደኅና ከሆነ ይቋቋመዋል፤ ደካማ ከሆነ ግን መኪናው አይነሣም፤ ሾፌሩም በመጀመሪያ የሚነቅለው ይህንኑ መሣሪያ ነው። ሲቆም የሚተኛና የሚስበውን ወደ ጥቂት ሚሊአምፔር የሚያወርድ ዕቃ ስለዚህ ብልጫ አለው።

የራዲዮ መሣሪያዎችን ዐይነት የሚመረምረውና ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የተቋቋመው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 ነው። ፈቃድ የሌለውን ዕቃ ማስገባት ኪሳራ እንደሚያስከትል አስመጪዎች ያውቃሉ። ነገር ግን የዐይነት ፈቃድ ዕቃው በአገሩ የራዲዮ ሥርዐት ለመሥራት ብቁ መሆኑን ያሳያል እንጂ ለዚህ ወይም ለዚያ መኪና ባትሪና ሽቦ ይስማማል ማለት አይደለም። ይህ የአስመጪውና የሻጩ ድርሻ ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ በብር ሲሰላ ስለ ተወደደ በዋስትና ተመልሶ በመጋዘን የሚከማች አንድ ሳጥን መሣሪያ ከቀድሞው የበለጠ ገንዘብ ያስራል። ጉድለቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላ ዋጋው እጅግ ትንሽ ክፍል ከሆነ ሪጉሌተርና ካፓሲተር ላይ ነው።

ስለዚህ ኤል ሲ ከመከፈቱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ናሙና አስመጥቶ መሞከር ይመረጣል። ኦሲሎስኮፕ ያለው ባለሙያ ከተገኘ ሽቦውን በሞጁሉ እግር ላይ አድርጎ በሚልክበት ጊዜ ቮልቱ ምን ያህል እንደሚወርድ በዐይኑ ያያል፤ ከ0.3 ቮልት በላይ ከወረደ ዕቃው መታረም አለበት። ይህ መሣሪያ የሌለው ነጋዴ ሌላ መንገድ አለው። ናሙናውን አብርቶ በብረት ኮንቴይነር ውስጥ ያስገባና በሩን ጠበብ አድርጎ ይተወዋል። ብረቱ ሞገዱን ስለሚጋርድ መሣሪያው ከማማ የራቀ ይመስለዋል፤ በሙሉ ኀይሉም ይልካል። በዚህ ሁኔታ መልእክት ደጋግሞ እየላከ ግማሽ ሰዓት ከቆየና ካልተነሣ ካልወደቀ ደኅና ምልክት ነው። በሩ ፈጽሞ ከተዘጋ ግን ኔትወርኩ ጭራሽ ስለሚጠፋ ፈተናው ዋጋ የለውም። ከዚያ በኋላ አንዱን ናሙና በ24 ቮልት መኪና ላይ አስገጥሞ በቀን ሙቀት ከአዳማ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ ደርሶ መልስ መላክና ስንት ጊዜ ድምፁ እንደ ጠፋ መቍጠር ነው።

አስቀድመው የገቡና በመጋዘን ያሉ ዕቃዎች ጉድለት ቢገኝባቸው ሁሉም መጣል የለባቸውም። በሞጁሉ እግር አጠገብ ከ1,000 እስከ 2,200 ማይክሮፋራድ የሆነ፥ የውስጥ ተቃውሞው ዝቅተኛ የሆነ ካፓሲተር መጨመር ከእነዚህ ብዙዎቹን ሊያድን ይችላል። በሚገዛበት ጊዜ በጎኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያሻል፤ 85 ዲግሪ የሚለው ለአዲስ አበባ ቢሮ ይሆናል፤ ለመተሐራ መንገድ የሚመረጠው 105 ዲግሪ የሚለው ነው።